አማቷን በቁጥር የምትጠራ ምራት

እኛ ምራታቸው ስላልሆንን ስማቸውን ብንጠራ የሚቀየመን የለም፤ ሰውየው ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ ይባላሉ። ቡታጅራ ላይ ጂኦግራፊ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ክረምት ከበጋ ጃንጥላ ከክንዳቸው የማይለይ፣ ሰው አስቀው ራሳቸው የማይስቁ ሰው ናቸው። ናዝሬት ግን የልጃቸው የዓብይ ሚስት ናት። እዚያ ቤት ከገባች ሦስት ወር ሆኗት አንድም ቀን የአማቷ ስም ከአፏ ወጥቶ አያውቅም።

ያደገችው ከቡኢ ወጣ ብሎ ባለ መንደር ነው። በእነሱ ቤት ምራት የባሏን አባት በስሙ አትጠራም፤ ለባሏ ዘመዶች ራሷ ስም ታወጣላቸውና በዚያ ትጠራቸዋለች። አያቷ በዚህ ነገር ቀልድ አያውቁም ነበር። አማታቸው በርጋ ይባሉ ስለነበር፣ ወደ ስሙ የሚጠጋ ቃል እንኳን እንዳያመልጣቸው በርበሬን «ቀዩ» ሲሉ ኖረው ሞቱ። ገበያ ወጥተው «ቀዩ ዛሬ እንዴት ነው?» ሲሉ የማያውቃቸው ነጋዴ ሽንኩርት ያነሳላቸው ነበር ይባላል።

ናዝሬት የሒሳብ መምህርት ናት፤ በርበሬን በርበሬ ትላለች። የአማቷ ስም ላይ ስትደርስ ግን ምላሷ ይታሰራል። ለባሏ እናት ለወይዘሮ አደይ «እማምዬ» የሚለው በመጀመሪያው ሳምንት ሳታስበው መጣላት፤ እሳቸውም «ወለላ» ብለው ሰየሟትና በዚያው ጸና። ለሰውየው ግን የሚሆን ስም አጣች። «አባባ» እንዳትል ሰፈሩ በሙሉ የሚላቸው እሱን ነው፤ «አባዬ» እንዳትል የራሷ አባት በሕይወት አሉ። በራሷ ተነስታ ስም እንዳታወጣላቸው ደግሞ አፈረች። የሰርጓ ዕለት ድንገት የወረደው ዝናብ አሁንም ትዝ ይላታል። ሰው ሁሉ ወደ ድንኳኑ ሲሮጥ እሳቸው ከመኪናው እስከ ደጃፉ ጃንጥላቸውን በእሷ ራስ ላይ ይዘው፣ አዲሱ ሙሉ ልብሳቸው በስብሶ ገቡ። እንዲህ ያለውን ሰው ምን ብሎ መጥራት ይቻላል?

እናም ምሳ ደርሶ ልትጠራቸው ስትፈልግ በራፉ ላይ ቆማ ጉሮሮዋን ትጠርጋለች። ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ ምራታቸውን ጉንፋን አልለቅ ያላት መስሏቸው ሁለት ጊዜ ዝንጅብል ገዝተውላታል።

ይህን ካልቆጠርን ቤቱ ተመችቷታል። እንዲያውም የከበዳት መመቸቱ ነበር። የሥራ ዝውውሯ እስኪመጣ ቀኑን ሙሉ ቤት ናት፤ ዓብይ ወልቂጤ ስለሚሠራ የሚመጣው ዓርብ ዓርብ ነው። ጎመን ልትከትፍ ስትቀመጥ ወይዘሮ አደይ «ተይ እንጂ፣ ሙሽራ አይደለሽ እንዴ!» ብለው ቢላውን ይቀበሏታል። መጥረጊያ ስታነሳ መጥረጊያው ይወሰድባታል። ክብር መሆኑን አላጣችውም፤ ግን ሰው በገዛ ቤቱ እስከ መቼ እንግዳ ሆኖ ይቀመጣል? «ይህ የናዝሬት ነው» የሚባል አንድ ሥራ አማራት፤ አንድ ብቻ።

ያ ሥራ የመጣው በጋሽ ሀብተጊዮርጊስ ፍላሽ ሰበብ ነው።

ያስተማሩበት ትምህርት ቤት የምሥረታ በዓሉን ሊያከብር ተዘጋጅቷል። የድሮ ተማሪዎችን ፎቶ ሰብስቦና አትሞ ለእሑዱ በአዳራሹ ግድግዳ ላይ የመለጠፉን ኃላፊነት የወሰዱት እሳቸው ናቸው። ፎቶው ከእንሴኖም፣ ከአዲስ አበባም፣ ከዱባይም ይጎርፋል። ችግሩ ሦስት ኮምፒውተር ላይ መጉረፉ ነው። ፕሪንተሩ የተሰካበት ሳሎን ያለው የሽማግሌው ኮምፒውተር ዊንዶውስ ነው። ዓብይ የሰርግ ቪዲዮ የሚያቀናብርበት፣ መኝታ ቤት ያለው አሮጌ አይማክ፣ የአፕል ሥሪት ስለሆነ፣ የራሱ ሥርዓት አለው። ናዝሬት ደግሞ ዊንዶውስ ስለከበደው፣ ወንድሟ ኡቡንቱ የሚባል ሌላ ሥርዓት የጫነበት ላፕቶፕ ይዛ ነው የተዳረችው። ሦስቱ አንድ ጣሪያ ሥር ያድራሉ እንጂ አይተዋወቁም። ፎቶ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚጓዘው፣ ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ እንደ ስፖርት አስተማሪ ፊሽካ አንገታቸው ላይ ባንጠለጠሉት ፍላሽ ነው።

አንድ ሰኞ ጠዋት ይህ ፍላሽ አይማኩ በሚወደው መንገድ ተሰናድቶ፣ የአንድ ዘመን ተመራቂዎችን ፎቶ በሙሉ ይዞ ሳሎን ደረሰ። ዊንዶውሱ አላወቀውም። «ይህን ዲስክ ማንበብ አልቻልኩም፤ ፎርማት ላድርገው?» ብሎ ጠየቀ። ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ ፎርማት ማለት ማስተካከል ስለመሰላቸው በትሕትና «አዎ» አሉት። አስተካከለላቸው። ፍላሹ እንደ ተወለወለ ሳህን ጸዳ፤ ዓብይም ቦታ ለማስለቀቅ ፎቶዎቹን ከአይማኩ ላይ አጥፍቷቸው ኖሯል። ላኪዎቹን እንደገና ደጅ መጥናት ግድ ሆነ። ያን ቀን ሽማግሌው ምሳ አልበሉም።

ናዝሬት አንጀቷ አልችል አለ። በራፉ ላይ ቆማ ጉሮሮዋን ጠረገች። «ሦስቱንም በሞደሙ በኩል ላገናኛቸው እችላለሁ። ከዚያ በኋላ ፍላሽ አያስፈልግዎትም» አለች።

«እርስ በርሳቸው ይነጋገራሉ? ያኛው የዓብይ ግትር እንኳን?»

«ይነጋገራሉ።»

ትንሽ አዩዋትና ፍላሹን ከአንገታቸው አውልቀው በመዳፏ ላይ አኖሩት። «እንግዲያው ሥራው ያንቺ ነው» አሉ።

ደስ አላት። ማንም ሳያያት ፍላሹን መሳቢያዋ ውስጥ ከሰርጓ ጌጥ ጋር አስቀመጠችው።

ሥራው እንደፈራችው አልከበደም። ዩቲዩብ እያየች፣ እየሳተች፣ እየመለሰች፣ በዊንዶውሱ ላይ «ፎቶ» የሚል ፎልደር ከፍታ ሼር አደረገችው፤ ማንም ዘው ብሎ እንዳይገባም ፓስወርድ አበጀችለት። የቀረው ከሁለቱ ኮምፒውተሮች ሆኖ ይህን ፎልደር መክፈት ነው። ግን የሽማግሌው ኮምፒውተር በተገናኙት ኮምፒውተሮች ዝርዝር ውስጥ አልታይ አለ። በዝርዝር ካልታየ ደግሞ መጥራት ያስፈልጋል፤ የሚጠራውም ወይ በስሙ ወይ ሞደሙ በሰጠው ቁጥር ነው። ስሙ ማን እንደሆነ ስታይ እጇ ኪቦርዱ ላይ ደርቆ ቀረ። የሸጠላቸው ሱቅ የባለቤቱን ስም፣ በእንግሊዝኛ ፊደል፣ ከሀ እስከ ስ ሳያጎድል ጽፎበታል።

መጻፍ መጥራት ነው? አያቷ ስለ ኪቦርድ የተናገሩት ነገር የለም። የመጀመሪያዎቹን ፊደሎች ጻፈች፤ ጆሮዋ ሞቀና አጠፋቻቸው። ሲጨንቃት ቡኢ ወደ እናቷ ደወለች።

«እማ፣ አማትን በስም መጻፍ ነውር ነው?»

«ምን ላይ ነው የምትጽፊው? ማመልከቻ ላይ ከሆነ ምን አለበት?»

«ኮምፒውተር ላይ። ኮምፒውተራቸው በስማቸው ነው የሚጠራው።»

እናቷ አሰቡበት። «ስትጽፊው ምን ይሆናል?»

«ይሰማኛል። ይከፍትልኛል።»

«ሲጠሩት አቤት የሚል ከሆነማ ጠርተሽዋል» አሉ እናቷ፤ ከዚህ በኋላ ስለ ዘንድሮው ገብስ ማውራት ጀመሩ።

ፍርዱ ተሰጠ፤ ናዝሬትም በቁጥሩ ጠራችው። የቁጥሩ መጨረሻ ሰባት ነበር። ሰባት ብላ ስትጽፍ ፎልደሩ በላፕቶፗ ላይ ተከፈተ፤ አይማኩ ላይም ሰባት ብላ ከፈተችው። አንድ ፎቶ ወረወረች። ከሳሎን የጋሽ ሀብተጊዮርጊስ ድምፅ ተሰማ፤ «ገባ! አደይ፣ ነይ እዪ፣ ገባ!» ያን ከሰዓት ፕሪንተሩ እፎይ ሳይል ዋለ። ሽማግሌው የጎረቤቱን ሰው ሁሉ እየጠሩ «ምራቴ ነች የሠራችው» ሲሉ መኝታ ቤት ሆና ሰማች፤ ልቧ ቅቤ ጠጣ።

ረቡዕ መብራት ሄደ።

መሄዱስ አዲስ አይደለም፤ ጉዱ የመጣው ሲመለስ ነው። ሞደሙ ቁጥር የሚያድለው እንደ ወፍጮ ቤት ተራ ነው፤ ቀድሞ የነቃ ቀድሞ ይወስዳል። መብራት ሲመለስ ሰባትን የወይዘሮ አደይ ስልክ ወሰደችውና የሽማግሌው ኮምፒውተር አራት ሆኖ ተነሳ። ናዝሬት ሰባትን ብትጠራ፣ ብትጠራ፣ የሚመልስላት አጣች። ምክንያቱ ሲገባት ሰባቱን አጥፍታ አራት ጻፈች። ሐሙስ ደግሞ መብራት ጠዋትም ከሰዓትም ሄደ። ቁጥሩን ማሰር እንደሚቻል ሰምታለች፤ ግን ሞደሙን የተከለው ሰው የሞደሙን ፓስወርድ ለማንም ሳይነግር ነው የሄደው። ለባሏ ደወለች።

«ቁጥሩን ተይውና በስሙ ጻፊው፤ ስሙ አይቀየርም» አለ ዓብይ።

«አልጽፍም።»

«ለምን?»

«አልጽፍም አልኩህ!» ብላ ዘጋችበት። ወንድ ልጅ ይህን እንዴት ይረዳል? እሱ እኮ የእሷን አባት ገና ከመጀመሪያው ቀን «አባባ ደምሴ» እያለ ነው የሚጠራቸው።

ሐሙስ ወደ ማታ ገበያ ደርሳ ስትመለስ ሥራው ቆሞ አገኘችው። ሃምሳ የሚሆን ፎቶ አይማኩ ላይ ታግቷል፤ ፕሪንተሩ ዝም ብሏል። ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ጃንጥላቸውን መሬት ላይ እያሽከረከሩ ነበር። አልተቆጡም። ቢቆጧት በወደደች።

«ልጄ፣ ያ ፍላሽ የት ነበር ያልሽው?» አሏት ቀስ ብለው።

ቅስሟ ስብር አለ። «መሳቢያ ውስጥ ነው» አለች።

«ግድ የለም። ነገ ከማሉን እጠራዋለሁ፤ ያግዝሽ። እሑድ ደረሰ እኮ።»

ያግዝሽ ማለታቸው ለክብሯ እንደሆነ ገባት። ከማሉ ከመናኸሪያው አጠገብ ኮምፒውተር የሚጠግን ልጅ ነው፤ እሱ ከመጣ ሥራው የከማሉ ይሆናል፤ እሷም ወደ ሙሽራነቷ ትመለሳለች። ከሦስት ወር በኋላ ያገኘችው አንድ ሥራ በሦስት ቀን ከእጇ ሊወጣ ነው። ስሙን ብትጽፈው ኖሮ ሁሉም በደቂቃ ያልቅ ነበር። ያንን እያወቀች ደግማ ላፕቶፗን ከፈተች፤ የመጀመሪያውን ፊደል ነካች፤ የዝናቡ ዕለት የበሰበሰው ሙሉ ልብሳቸው በዓይኗ መጣ። እንዲህ ያከበራትን ሰው እንደ ጓደኛ ጠርታ ሥራ ከምታተርፍ ሥራው ይቅርባት። ዘጋችው።

ዓርብ ከምሳ በፊት ከማሉ እጅጌውን ሰብስቦ ደረሰ። ላፕቶፗን ከፈት፣ ዊንዶውሱን መረመር፣ አይማኩን ጎብኘት አድርጎ ሲመለስ ፊቱ ላይ ግራ መጋባት ይነበባል።

«እህቴ፣ ወላሂ ሥራው ጽድት ያለ ነው። ሼሩም፣ ፓስወርዱም፣ ሁሉም። እኔ ራሴ ከዚህ የተሻለ አላደርገውም። ግን በቁጥር ለምን አደረግሽው? መብራት በሄደ ቁጥር እኮ ይቀየራል።»

«አውቃለሁ» አለች ናዝሬት።

«ካወቅሽማ በስሙ ጻፊዋ!» ላፕቶፑን ወደ እሷ ገፋላት። «በይ፣ ኤች ብለሽ ጀምሪ። ሀብተ…»

ናዝሬት ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። እጇን ወደ ኪቦርዱ አልሰደደችም። ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ ከወንበራቸው ቀና አሉ። ከማሉ አንዴ እሷን አንዴ እሳቸውን ያያል።

በዚህ መሀል የወይዘሮ አደይ ሳቅ ተሰማ። ከማጀት በራፍ ላይ ቆመው፣ እጃቸው ሊጥ እንደሆነ፣ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

«ተዋት አንተ ልጅ! ምራት ናት እኮ። የአማቷን ስም እንዴት አድርጋ ትጥራ?» አሉ። ወደ ባላቸውም ዞረው፣ «እኔስ ያንተን አባት እስኪቀበሩ ድረስ በስማቸው ጠርቻቸው አውቃለሁ? ይኼ ሁሉ ቀን ቁጥር ስታሳድድ የከረመችው ያንተን ስም ላለመጥራት ነው!» አሏቸው።

ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ ምራታቸውን አዩዋት። አንድ ነገር ቀስ እያለ ፊታቸው ላይ ሲበራ ይታያል።

«ጉንፋኑስ?» አሉ በመጨረሻ። «ጉንፋን አልነበረም እንዴ እሱ?»

ናዝሬት አንገቷን ደፋች። «የምጠራዎት ስም አጥቼ ነው» አለች።

ሽማግሌው ጃንጥላቸውን ይዘው ተነሱና ወጡ። በመስኮቱ በኩል ግቢው ውስጥ ካለው የአቮካዶ ዛፍ ሥር ጀርባቸውን ሰጥተው ቆመው አየቻቸው። ስንት ሰው የሚጠብቀውን ሥራ በአንድ ስም ሰበብ አሰናከልሽ ብለው የተቀየሟት መሰላት። ወይዘሮ አደይ እንኳን ሳቃቸውን አቆሙ።

ጥቂት ቆይተው ሲመለሱ ዓይናቸው ቀላ ብሏል፤ ድምፃቸው ግን እንደ ክፍል ውስጥ ነበር።

«ከማሉ፣ የኮምፒውተር ስም ይቀየራል?»

«ይቀየራል ጋሼ። ሪስታርት ብቻ ነው የሚፈልገው።»

«እንግዲያው ይቀየር። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ልጅ በስሙ ስጠራ ኖሬ፣ እርጅናዬ ላይ አንዴ ሰባት አንዴ አራት ስባል ልኑር?» ማንም እንዲስቅ አልጠበቁም። ወደ ናዝሬት ዞሩ። «እናትሽ ያሳደጉሽ በደንብ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ለምራቴ ስም አውጪልኝ ማለት ነበረብኝ። ይኸው አሁን አልኩሽ። ልጄ፣ ስም አውጪልኝ።»

ናዝሬት ሦስት ወር ሙሉ ያጣችው ስም ማሰብ እንኳን ሳያስፈልጋት መጣ። ከመኪናው እስከ ደጃፉ ድረስ በራሷ ላይ ተይዞ አብሯት የመጣው ነው።

«ጥላዬ» አለች።

ወይዘሮ አደይ እልል አሉ፤ ሊጡ ከእጃቸው ወለሉ ላይ ተንጠባጠበ። ከማሉ ሊጽፈው እጁን ሲዘረጋ ሽማግሌው «ተው፣ ስሙ የኔ ነው» ብለው ወንበሩን ያዙ። በአንድ ጣት፣ ፊደል እየፈለጉ ጻፉት። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ተነሳ። ናዝሬት በላፕቶፗ ላይ ቁጥሩን አጥፍታ አዲሱን ስም ጻፈችው፤ ጆሮዋ አልሞቀም። ፎልደሩ ተከፈተ። ከማሉ መሣሪያውን ሰበሰበና «እኔ እዚህ ቤት ምንም አልሠራሁም፤ ምሳ ካለ ግን እበላለሁ» አለ። በላም።

ዓብይ ማታውን ከወልቂጤ ሲገባ እናቱ ነገሩን ከአንዴም ሁለቴ፣ እያስመሰሉ ነገሩት። ሚስቱን አየና «ይህን ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?» አላት። «አንተ የማይገባህ ነገር ስላለ ነው» አለችው። ሳቀባት፤ ሳቀችበት።

ቅዳሜ የመጨረሻዎቹ ፎቶዎች እየታተሙ ሳለ መብራት ሄደ። ቤቱ በሙሉ «አይ!» አለ። ፕሪንተሩ አንድ ጸጉረ ጎፈሬ ተመራቂ እስከ አፍንጫው አትሞ ቆመ። ከናዝሬት በቀር የተረጋጋ ሰው አልነበረም፤ እሷም ብትሆን የተረጋጋች መሰለች እንጂ የሞደሙን መብራት ደጋግማ ታይ ነበር። መብራቱ ሲመለስ ሁሉም ከኋላዋ ቆሙ። ለራሷ ለማረጋገጥ ቁጥሩን አየችው፤ ዘጠኝ ሆኗል። ይሁን ብላ በስሙ ጠራችው። ተከፈተ። ከአይማኩ ጠራችው፤ ተከፈተ። ፕሪንተሩ ጉሮሮውን ጠርጎ ጎፈሬውን ልጅ ከነአፉ እንደገና አወጣው።

«በሉ ከኋላዬ ዞር በሉ፤ ሥራ ላይ ነኝ» አለቻቸው። ዞር አሉላት።

ሲጨርሱ ፀሐይ ዞር ብላለች። ወይዘሮ አደይ ከማጀት ብቅ ብለው ቢላውን በእጀታው በኩል አቀበሏትና «ነይ ወለላ፣ ጎመኑን አንቺ ክተፊው፤ እኔ ደከመኝ» አሏት። እንዳልደከማቸው ታውቃለች። ከተፈችው፤ ምሳውንም አቀረበችው።

ከዚያም እንደ ልማዷ ልትጠራቸው ሄዳ ሳሎኑ በራፍ ላይ ቆመች። ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው የታተሙትን ፎቶዎች አንድ በአንድ እያነሱ፣ የእያንዳንዱን ተማሪ ስም ለብቻቸው እየጠሩ ነበር። ናዝሬት ጉሮሮዋን ልትጠርግ አፏን ከፈተችና ተወችው።

«ጥላዬ» አለች። «ምሳ ቀርቧል።»

ሽማግሌው መምህር ፎቶዎቹን ጠረጴዛው ላይ ጥለው፣ ስሙ ገና እንደተጠራ ተማሪ ቀጥ ብለው ተነሱ።

«አቤት!» አሉ።